ሁሉ ነገር አሥራ ሁለት ኪሎ የመዘነበት እሑድ

እኔ የከፈትኩትን የማልዘጋ ሰው ነኝ። ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት። ልጅ ሆኜ የበረቱን መዝጊያ ክፍት እየተውኩ ስንት ማለዳ ጥጃ አስጠብቻለሁ። እናቴ ባዶ ማለቢያዋን ይዛ ስትመለስ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ እሮጣለሁ፤ የሮጥኩበትንም በር አልዘጋውም። አድጌ፣ ተምሬ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ቤት ስከራይ ጠባዬም አብሮኝ ተከራየ።

የምኖርበት ግቢ ስድስት ተከራይ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቁልፍ አለው። ቁልፉ የሚሰቀለው የቤቱ ባለቤት የእትዬ የሺወርቅ በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የቸገረው ሰው ቁልፉን ያነሣል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ መልሶ ይሰቅላል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አሳምሬ እሠራለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሐሳብ ይመጣብኛል። ሐሳብ ሲመጣብኝ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ገበያ እወርዳለሁ፤ አምስት ሰው በር ላይ ቆሞ ስሜን እያነሣ ይጥላል። እትዬ የሺወርቅ መጀመሪያ ክንድ የሚያህል ጣውላ ቁልፉ ላይ አሰሩበት። ጣውላውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ገበያ ደርሻለሁ፤ አናጺ መስያቸው የአልጋ ዋጋ የጠየቁኝም ነበሩ። በመጨረሻ ሴትዮዋ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቀደው፣ አንዱን ጫፍ ሚስማሩ ላይ፣ ሌላውን ቁልፉ ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ የቁልፍ ነገር አለቀ። እየጎተቱ ይሄዳሉ፣ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እጅዎን ሲለቁ፣ ቢያስቡም ባያስቡም፣ ቁልፉ ተፈናጥሮ ቦታው ይገኛል። ሁለት ጊዜ ጆሮዬን መትቶኛል፤ ጠፍቶ ግን አያውቅም።

ወደ ሥራዬ ልምጣ። ሥራዬ ድራይቨር መጻፍ ነው። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ሾፌር ነው ብላ ስላስወራች፣ አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር መኪናህን የት አቆምካት የሚሉኝ አሉ። ድራይቨር ማለት ግን በኮምፒዩተሩና በአንድ ዕቃ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ጽሑፍ ነው። ዕቃው በራሱ ቋንቋ ያጉረመርማል፤ ድራይቨሩ ሰምቶ እንዲህ ይላል ብሎ ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። የሚቀመጠውም ከርነል በሚባለው በውስጠኛው ክፍል ነው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት አለው፣ ቅድስት አለው፣ መቅደስ አለው። ቅኔ ማኅሌት ላይ አንድ ደብተራ መቋሚያውን ተደግፎ ቢያንቀላፋ ማኅሌቱ አይቆምም። መቅደስ ውስጥ ያለው ካህን ቢያንቀላፋ ግን ቅዳሴው አያልቅም፣ ሕዝቡም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከርነል መቅደሱ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው የያዘውን ሁሉ ቦታው መልሶ መውጣት አለበት። እኔን የመሰለውን ሰው እዚያ ማን እንዳስገባው እስካሁን ይገርመኛል።

ከርነል ውስጥም እንደ እትዬ የሺወርቅ ግቢ የጋራ ዕቃና ቁልፍ አለ። አንዱ ዕቃውን ሲያነብ ሌላው እንዳይገባበት ቁልፍ ይይዛል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። ሳይመልስ ከወጣ ቀጥሎ የመጣው እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠብቃል። አያንኳኳም፣ አይሳደብም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ችግሩ መውጫው አንድ አለመሆኑ ነው። ሥራው ከተሳካ በዋናው በር ይወጣል፤ ሽቦ ከተነቀለ በጓሮ ይወጣል፤ ዕቃው መልስ ካልሰጠ በመስኮት ይወጣል። በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ቁልፉን መልስ ብሎ መጻፍ የጸሐፊው ፋንታ ነው።

ሥራዬን ከሩቅ አገር ሆኖ በኢሜይል የሚያይልኝ አንድ ባልደረባ አለኝ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ትዕግሥቱን ግን አውቀዋለሁ። ይህ ሰው አንድ ቀን አዲስ ዘዴ ነገረኝ። ጋርድ ይባላል። ቁልፉን በጋርድ ከያዝክ፣ ከክፍሉ በየትኛውም በር ብትወጣ፣ ብታስብም ባታስብም፣ ቁልፉ ራሱ ይመለሳል፤ በእጅህ መመለስ ይቅርብህ አለኝ። የእትዬ የሺወርቅ ላስቲክ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። የተናደድኩትም ስለገባኝ ነው። በቤቴ በላስቲክ የታሰርኩ ሰው በሥራዬም በላስቲክ ልታሰር? ጋርድ ለዝንጉ ሰው ነው፣ እኔ ዘንድ በር ሁሉ በእጅ ይዘጋል ብዬ መለስኩለት። ከዚያም ሰባት መውጫ ያለው ድራይቨር ጽፌ፣ በስድስቱ ላይ ቁልፉን መለስኩ። አዎ፣ በስድስቱ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው አምበር ከምትባለው ከተማ አጠገብ እየጠበቀኝ ነበር።

ድራይቨሩ የሚያስተረጉምለት ዕቃ ሚዛን ነው። ማንም ሥራልኝ አላለኝም። ሱቁ ሁሉ ሚዛን ሞልቶ እያለ እኔ ከትንሽ ኮምፒዩተር፣ ከብረት ሳህንና ከሞተር ሳይክል ባትሪ ቀጣጥዬ የራሴን ሠራሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ቤቴ ውስጥ በካውያ፣ በድንጋይና በእትዬ የሺወርቅ ድመት ፈትኜው ነበር። ከድመቷ በቀር ሁሉም በትክክል ተመዝነዋል።

የተወለድኩባት መንደር ከአምበር በእግር ጥቂት መንገድ ናት። እዚያ እታለም ማንጠግቦሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችን። በዚያ ሰኔ የጎተራዋ ክዳን ተነቅሎ ውሃ ገባና ለዘር ያስቀመጠችው ስንዴ፣ ማሳ ላይ መብቀል ሲገባው፣ ጎተራው ውስጥ በቀለ። ሰው ሰምቶ ዝም አላለም። ሃያ ሁለት አባወራ እሑድ እያንዳንዱ ሁለት ቁና ስንዴ ሊያዋጣላት፣ በማግስቱ ሰኞ ደግሞ በሬውን ጠምዶ በደቦ ሊዘራላት ተስማማ። ከሰኞ ውጪ ቀን አልነበረም። ማክሰኞ ሚካኤል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን በዓላትና በየቤቱ የተያዙትን ደቦዎች የነፍስ አባታችን አባ ይትባረክ በጣታቸው ሲቆጥሩ ጣት አለቀባቸው። ስለዚህ እሑድ ማታ ዘሩ እታለም ማንጠግቦሽ ቤት ካልገባ፣ ሰኞ ያ ሁሉ በሬ ባዶ መሬት ገልብጦ ይመለሳል፤ የእሷና የሦስት ልጆቿ ዓመት ደግሞ እዚያው ያበቃል።

ጭንቁ መስጠቱ አልነበረም፤ ልኩ ነበር። ቁና እስከ አፉ ሲሞላ አንድ ነገር ነው፣ ሲቆለል ሌላ ነው። የእኛ መንደር ሰው ለመስጠት እጁ አይታሰርም፤ ጎረቤቱ ከእሱ ያነሰ ሲሰጥ ካየ ግን ምላሱ አይታሰርም። ባለፈው ዓመት ለሌላ ሰው ሲዋጣ፣ የእኔ ተቆልሏል የአንተ ጎድሏል ተባብለው ዐማቾች ተኳርፈው፣ ሁለት ሰው ስንዴውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህን ስሰማ ልቤ አበጠ። ለአባ ይትባረክ ስልክ ደውዬ፣ ቁናውን ይተዉት፣ ሁለት ቁና ማለት አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፣ እኔ ግራም የማይስት ሚዛን ይዤ እመጣለሁ፣ ክርክር የሚባል አይኖርም አልኳቸው። አባም በስልኩ ረጅም ምርቃት ጀመሩልኝ። የምርቃቱን መጨረሻ ሳልሰማ ነው ስልኩን የዘጋሁት፤ በሕይወቴ በጊዜ የዘጋሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

እሑድ ማለዳ ሚዛኑን፣ ባትሪውንና ላፕቶፔን ካርቶን ውስጥ አደረግኩ። ማሰሪያ ግን አጣሁ። ሚኒባሱ ሊሄድ ነው። ግቢው ውስጥ ስዟዟር ዓይኔ ሚስማሩ ላይ አረፈ፤ ጠንካራ፣ ረጅም፣ የሚሳብ ላስቲክ። ፈታሁት፣ ካርቶኑን ጥፍር አድርጌ አሰርኩበት። ቁልፉን የት ላድርገው ብዬ ትንሽ አሰብኩና ኪሴ ከተትኩት። ኪስ አስተማማኝ ቦታ ነው።

ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው ስንዴውን በስልቻና በማዳበሪያ እየያዘ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ፊት ተሰበሰበ። የመንደሩ ቁና ሰፋሪ የእናቴ ወንድም አያ ሽባባው ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የሰፈሩበትን ቁና ጉልበታቸው ላይ ደፍተው ከሰው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ሰላምታዬን በግንባራቸው ብቻ መለሱልኝ። እሳቸው ሲሰፍሩ ሕግ አለ። ቁናውን ካነሡ ጀምሮ ቁጥሩን በአፋቸው ይዘው፣ “አንድ፣ አንድ፣ አንድ” እያሉ ነው የሚሞሉት፤ ያን ጊዜ ማንም አያናግራቸውም። የመጣ ቢመጣ ደግሞ ቁናውን ሳይደፉ አይነሡም። አንድ ጊዜ በመስፈር ላይ እያሉ ቤትዎ ተቃጠለ ተብለው፣ ቁናውን ገልብጠው፣ ደፍተው፣ ከዚያ ነው የሮጡት ይባላል። የተቃጠለው የጎረቤት ቤት ሆኖ ተገኘ፤ ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ሚዛኔን ዘረጋሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ንባቡ እስኪረጋ እየጠበቁ፣ ሳህኑ ላይ እየጨመሩ፣ እየቀነሱ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሲሞላ እያነሡ አለፉ። ሰው አንገቱን እያሰገገ ቁጥሩን አነበበ። እታለም ማንጠግቦሽ ከወደ ግንቡ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እያንዳንዱ ስልቻ ወደ ጎን ሲቀመጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ በዓይኔ ጥግ አያ ሽባባውን አየሁና ትንሽ አዘንኩላቸው። ያን ማዘኔን እግዜር ሳይሰማው አልቀረም።

አምስተኛዋ አንዲት እማሆይ ነበሩ። አሥራ ሁለት ሲሞላላቸው፣ ሚዛኑ ገና ክብደቱን እያነበበ ሳለ፣ ከመቀነታቸው አንድ እፍኝ ስንዴ አውጥተው “ይኸ ደግሞ ምርቃቱ” ብለው ከላይ አፈሰሱበት። በእኛ አገር ሰፍሮ የሰጠ ሰው ከላይ እፍኝ ካልጨመረ የሰጠ አይመስለውም። ካውያና ድንጋይ ምርቃት አይጨምሩም፤ ድመቷም አልጨመረችም። ሚዛኑ በንባቡ መካከል ክብደቱ ሲለወጥበት ደነገጠ፤ ደንግጦም በሰባተኛው በር ወጣ።

ስድስተኛው ሰው ማዳበሪያውን ሲያስቀምጥ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ አለ። ቤቱ ለክቶ መጥቶ ነው ተባለ። ሰባተኛው፣ አሥራ ሁለት። ስምንተኛዋ፣ አሥራ ሁለት። አባ ይትባረክ ዕንባ አቀረራቸው፤ ሳንመካከር ልካችን አንድ ሆነ፣ ልባችንም አንድ ቢሆን ነው ብለው ስለ ፍቅር አጭር ትምህርት ሰጡ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ሞኝነቴን ከዚህ በላይ መግለጽ አልችልም።

ከዚያ ስሙን የማልጠራው አንድ ጎረቤታችን መጣ። ይህን ማንበቡ ስለማይቀር ነው የማልጠራው። የያዘው ከረጢት ከሩቁ ሲታይ ግማሽ ነበር፤ ከቅርብ ሲታይ ደግሞ ከግማሽም ያንሳል። አስቀመጠው፤ አሥራ ሁለት ኪሎ። ሰውየው ራሱ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ደረቱን ነፍቶ ወደ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አባ መቋሚያቸውን ሳህኑ ላይ አጋደሙ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ። የአንድ ዲያቆን ጃንጥላ አሥራ ሁለት ኪሎ። በመንደሩ ግዙፍ የሚባለው ሰው ወጥቶ ሲቆምበት ሳህኑ አጓራ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ። ሰውየው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በመክሳቱ እጅግ ደስ ብሎት ወረደ። በመጨረሻ ሁሉንም አንሥተን ባዶውን አየነው። ከጮቄ ተራራ የሚነፍሰው ንፋስም አሥራ ሁለት ኪሎ መዘነ።

አንዲት ሴት ተይዟል አለች። ሚዛኑን ማለቷ ነው። ቃሉ ከአፍ አፍ ሲዞር ጊዜ አልወሰደም፤ ወዲያው አንድ ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዞ መጣ። ባትሪና ኮምፒዩተር ላይ ውሃ ሲፈስ ታየኝና፣ በሚዛኑ ላይ በደረቴ ተደፍቼ አይሆንም፣ አይነካኝም ብዬ ጮኽኩ። ጸበል ሲመጣ የሚጮኽ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አራት ጎበዝ እጅና እግሬን ያዙኝ፤ ጠርሙሱ ሙሉውን እኔ ላይ አለቀ። ስምህ ማን ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ስሜን ብነግራቸውም አላመኑኝም፤ የሚጠብቁት የሌላውን ስም ነበር። ያዳኑኝ አባ ይትባረክ ናቸው፤ ይህን ልጅ በአርባ ቀኑ ያጠመቅኩት እኔ ነኝ፣ ያለው አንድ ስም ነው ብለው።

ጸጉሬን እየጨመቅኩ ሚዛኑን አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ። ሕዝቡ የጸበሉን ኃይል አመሰገነ። የተሳሳቱትን እንደገና መመዘን ጀመርን፤ ሦስተኛው ሰው ላይ እፍኝ ተጨመረ፤ ቆመ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ደግሞ እፍኝ፤ ደግሞ ቆመ። እያንዳንዱ ማጥፋትና ማብራት አንድ ጸሎተ ሃይማኖት የሚያስደግም ጊዜ ይፈጃል። በጮቄ በኩል ደመናው መጥቆር ጀምሯል። ዘር ከረጠበ አለቀ። እጄን አጋጥሜ፣ እባካችሁ ዛሬን ብቻ ምርቃቱን ተዉት ብዬ ለመንኩ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ቁጣ የመጣው። እማሆይ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ “ልጀ፣ የሰጠነው ለሰው ነው፤ ምርቃቱ ለመሬቷ ነው። ይኸ የአንተ ሚዛን አገሩ የት ነው?” አሉኝ። አንዳንዶቹ እሺ ብለው እፍኛቸውን ይዘው ለመጠበቅ ሞከሩ፤ እጃቸው ግን ከልጅነት የለመደውን አይተውምና ገና ቁጥሩ ሳይረጋ ፈሰሰ።

በዚህ መካከል ስልኬ ጮኸ። እትዬ የሺወርቅ ናቸው። ቁልፉ የት ነው አሉኝ። ኪሴን ነካሁ፤ አለ። ላስቲኩስ አሉኝ። ካርቶን ላይ ነው አልኩ። ከኋላቸው የአምስቱ ተከራዮች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የአንደኛው ድምፅ ወደ ዕንባ የተጠጋ ነው።

“እንደምትረሳማ አውቃለሁ” አሉ ቀስ ብለው። “ስለምትረሳ አልቆጣህም፤ ሰው ይረሳል። እኔን ያናደደኝ ላስቲኩን በገዛ እጅህ መፍታትህ ነው።”

ሴትዮዋ ስለ ሽንት ቤታቸው ነው የሚናገሩት፤ እኔ ግን ሰባተኛውን በር አየሁት። ንባቡ በመካከል ሲበላሽ የሚወጣበትን፣ ቁልፉ ሳይመለስ በኪስ የሚሄድበትን። አንድ እፍኝ ስንዴ በተጨመረ ቁጥር የእኔው ድራይቨር ቁልፉን ይዞ ገበያ እየወረደ ነበር፤ ቀጣዩ ንባብ በር ላይ ቆሞ ሲቀር፣ የቁጥር ማሳያው የመጨረሻውን አሥራ ሁለት ብቻ ይደግማል። እትዬ የሺወርቅን አመሰግናለሁ ብላቸው፣ ምኑን ነው የምታመሰግነው ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። በኋላ እንደሰማሁት በሩን ከማጠፊያው ነቅለው ገቡ፤ ሽንት ቤቱ እስከ ዛሬ የሚጋረደው በመጋረጃ ነው።

ላፕቶፔን ይዤ ደጀ ሰላሙ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባተኛውን በር ብቻ መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ሰባተኛውን ብዘጋ ነገ ስምንተኛ እከፍታለሁ። ትዕቢቴን ከጸበሉ ውሃ ጋር ዋጥኩና በመግቢያው ላይ ጋርዱን አንድ መስመር አድርጌ ጻፍኩ፤ በስድስቱ በር ላይ የነበረውን የእጅ ሥራዬን ሁሉ አጠፋሁት። አንድ መስመር ብቻ። ሰው ሦስት ሳምንት የደከመበትን ነገር በአንድ መስመር ሲተካው ማየት ያማል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቀለለኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ሆነ። ጋርዱን ሳየው ወንድሙ ትዝ አለኝ፤ ከክፍሉ ስትወጣ የተጠቀምክበትን ሳህን ሁሉ በራሱ የሚያነሣልህ ሌላ ጠራጊ ዘዴ አለ። እሱንም ይሁን ብዬ የተነበበው ክብደት ኮምፒዩተሩ ውስጥ በሚቀመጥበት ሳህን ላይ ሾምኩት። ሚዛኑን አብርቼ፣ ሰው ሳላስቸግር ቀኝ ጫማዬን አውልቄ አስቀመጥኩ። ሁለት ሚሊዮን ኪሎ አለ። ግራ ጫማዬን ጨመርኩ፤ ከዜሮ በታች ወረደ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ከበበኝ። አንዱ ባርኔጣ አስቀመጠ፤ አንድ ተራራ የሚያህል ቁጥር ወጣ። ሌላው በበትሩ ሞከረ፤ ከባርኔጣው ቀለለ። የሚስቀው ይስቃል፣ የሚያማትበው ያማትባል፤ ስሙን የማልጠራው ጎረቤታችን ከረጢቱን እንደገና ይዞ መጣ።

ስህተቱን ለማግኘት ጥቂት ቆየሁ። ድግስ ላይ እንግዳው ገና ሳይጎርስ ሳህኑን የሚያነሣ አስተናጋጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንደዚያ ነው የሆነው። ድራይቨሩ ክብደቱን ሳህን ላይ አድርጎ ለማሳያው ሊሰጥ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ጠራጊው ነጥቆ ይወስድበታል፤ ማሳያው ባገኘው ፍርፋሪ የመሰለውን ይናገራል። ለሌላ የምታስረክበውን፣ ይኸ ተላልፏል፣ አትንካው ብለህ ለጠራጊው መንገር አለብህ። ነገርኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን አንገቴን አላቀናሁም። ነጎድጓድ ሰማሁ፤ የሰው ትንፋሽ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። የእታለም ማንጠግቦሽ ከንፈር ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊደል እስታለሁ። በዚያች ሰዓት ስለ ስሜ ማሰብ ትቼ ነበር፤ ፈጣሪዬ፣ ሴትዮዋን ስንዴዋን ብቻ ስጣት፣ እኔን ከፈለግህ ቅጣኝ ነበር የምለው።

ጫማዬን አስቀመጥኩ፤ ስድስት መቶ ግራም። አነሣሁት፤ ዜሮ። አስቀምጬ፣ ገና ሲያነብ አንድ እፍኝ አፈር ምርቃት ጨመርኩበት። ተንገዳገደ፣ እንደገና አነበበ፣ ልኩን ተናገረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ጨመርኩበት፤ አልቆመም። ተነሥቼ፣ ሠርቷል፣ ተራ ያዙ፣ ምርቃቱንም እንደልባችሁ አልኩ።

ተራ የያዘ የለም። የከበቡኝ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ስልቻዎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ የስንዴ ፍሬ የምትለቅም አንዲት ዶሮ ብቻ ቀርታለች። ከአጥሩ ውጪ አራት አህዮች ተጭነው ቆመዋል፤ እታለም ማንጠግቦሽ የመጨረሻውን ጭነት እያጠበቀች፣ የዝናብ ላስቲክ እያለበሰችው ነው። አያ ሽባባው ቁናቸውን ደፍተው፣ ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ገለባውን ያራግፋሉ። ስንዴው ሁሉ፣ ከነምርቃቱ፣ በእሳቸው እጅ ተሰፍሮ አልቋል።

እታለም ማንጠግቦሽ ወደ እኔ መጣች። ልቀርባት አፈርኩ፤ ልሸሽም አልቻልኩም፣ ባዶ እግሬን ነበርኩ። “ወንድም ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለእኔ ብለህ ነው እንዲህ የሆንከው” አለችኝ። እርጥብ ጸጉሬን ማለቷ ነው። ደስታና እፍረት አንድ ላይ ይዘውኝ ጫማዬን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። አህዮቿን እየነዳች ወረደች፤ ዝናቡ የጀመረው ቤቷ ገብታ ጭነቱን ካራገፈች በኋላ ነው።

እኔ ካርቶኔን ሳስር አያ ሽባባው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። አንድ ነገር ስላልገባኝ ጠየቅኳቸው። ባለፈው ዓመት ያን ያህል ያኳረፈ ቁና፣ ተቆለለ ጎደለ ሳይባል እንዴት ሃያ ሁለት ቤት ሰፈሩበት አልኳቸው።

“ማን አይቶ ይጨቃጨቅ?” አሉኝ። “አንዱን ጠርቸ ስሰፍርለት ሌላው ሁሉ ዓይኑ አንተ ላይ ነው። አርባ ዓመት ስሰፍር ያለ ጭቅጭቅ የሰፈርኩት ዛሬ ብቻ ነው።” ቁናቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ጥቂት ራመድ ብለው እንደገና ዞር አሉ። “ለሚመጣው ዓመትም ይዘኸው ና። ብቻ አደራህን፣ እንዳታሠራው።”